የስፖርት መኪናዬ የክረምት ዘይት

እኛ አገር ምክር የሚሰስት ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔን አልገጠመኝም። ጃንጥላህን አውሰኝ ብትሉት ፊቱ የሚጠቁረው ሰውዬ እንኳ ምክር ሲሆን ቸርነቱ ወሰን የለውም። እስቲ ሰው በተሰበሰበበት «ሆዴን አመመኝ» በሉ። ዓረፍተ ነገሩን ሳትጨርሱ የመድኃኒቱ ስም፣ ከምግብ በፊት ይሁን በኋላ፣ የመካሪው የአክስት ልጅም በዚያው መድኃኒት እንዴት ከሞት እንደተረፈች ይተረክላችኋል። ይህን የምለው ለሐሜት አይደለም፤ እንጀራዬ ስለነበረ ነው። ነቀምቴ ውስጥ፣ ጎልማሳነቴን ሙሉ ማለት ይቻላል፣ መድኃኒት ቤት ባንኮኒ ጀርባ ቆሜ ኖሬያለሁ። ወደኔ የሚመጣው ሰው ሐኪም ከማየቱ በፊት ጎረቤቱን ያያል፤ ጎረቤቱን ከማየቱ በፊት የባጃጅ ሾፌሩን ያማክራል። እኔ የምጠየቀው መጨረሻ ላይ ነው። እሱም ምክር ሳይሆን «ያ ቀይና ቢጫ የሆነው አለ?» ተብዬ ነው።

የሐኪም ወረቀት ካላመጣችሁልኝ አልሰጥም እያልሁ ስንቱን አስኮርፌ ጡረታ ወጣሁ። ኩርፊያው ግን ብዙም አይቆይም ነበር፤ የከተማው ሰው እስከ ዛሬ ድረስ «ዶክተር» እያለ ነው የሚጠራኝ። ዶክተር አይደለሁም። አይደለሁም እያልሁ ብዙ ዘመን ተከራክሬ፣ ኋላ ሰለቸኝና «አቤት» ማለት ጀመርሁ።

ታዲያ መድኃኒት አዳዩ ሰውዬ በስተርጅና መካሪ ፍለጋ ወጣሁላችሁ። በሽተኛው እኔ አይደለሁም፤ መኪናዬ ናት።

መኪናዬ ስላችሁ ያቺን አገሩ ሁሉ የሚነዳትን፣ አምስት ሰው ጭና ጆንያ ጣራዋ ላይ የምትሸከመውን እንዳታስቡ። የስፖርት መኪና ናት። ሁለት በር፣ ሁለት ወንበር፣ ከመሬት አንድ ጫማ ከፍ ብትል ነው። የሚገባባት ሰው ይቀመጣል ከማለት ይወድቃል ማለት ይቀላል፤ ሲወጣ ደግሞ እጁን ይዞ የሚጎትት ዘመድ ያስፈልገዋል። በዚህ ዕድሜህ ምን አገናኘህ ትሉኝ ይሆናል። ሰው ሚስቱ ስትሞትበት ወይ ጸሎት ያበዛል፣ ወይ መጠጥ ያበዛል፣ ወይ ዓመት ሳይሞላ ያገባል። እኔ የስፖርት መኪና ገዛሁ።

ባለቤቴ ጫልቱ የዚሁ የነቀምቴ ልጅ ነበረች። እኔን ከጎጃም የመጣሁትን ባይተዋር አገባችኝ፣ ኦሮምኛ አስተማረችኝ፣ ልጅ ወለደችልኝ፣ ከዚያ ባጭር ሕመም ጥላኝ ሄደች። ለአንድ አገር ሕዝብ መድኃኒት ሲያድል የኖረ ሰው ለሷ የሚሆን አጣ። ስለዚህ ነገር ከዚህ በላይ አልናገርም። ሐዘኑ ካለፈ በኋላ አዳማ ያገባችው ልጃችን ሲፈን ወስዳ ስታከርመኝ፣ አንድ ቀን በእግሬ ስንሸራሸር ያቺን መኪና መንገድ ዳር ለሽያጭ ቆማ አየኋት። ሻጩ ሐቀኛ ልጅ ነበር። «ጋሼ፣ እውነቱን ልንገርዎት፣ ችግሯ ከሁለት ሰው በላይ አለመያዟ ነው» አለኝ። እኔ ደግሞ ከሁለቱም አንዱ ወንበር ትርፍ እንደሚሆንብኝ ነበር የማስበው። ገዛኋት። ሲፈን እጇን አፏ ላይ ጭና «አባዬ፣ ምን ነካህ?» አለች። ምን እንደነካኝ አጥታው አይመስለኝም።

ከአዳማ እስከ ነቀምቴ ያለውን የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ ሁሉ በሆዷ እየፋቀች መጣች። የኛ ሰፈር ደግሞ ኮብልስቶን ነው፤ ያውም ዝናብ ያነሳው ኮብልስቶን። እዚያ ላይ የምትሄደው በእርምጃ ስለሆነ፣ ገና በሳምንቷ «ቆጫ» የሚል ስም ወጣላት። ቆጫ በኦሮምኛ ኤሊ ናት። እንግዲህ በጃፓን አገር ለእሽቅድምድም የተሠራች መኪና ቡርቃ ጃቶ ሰፈር መጥታ ኤሊ ተባለች። አልተቀየመችም፤ እኔም አልተቀየምሁም።

ወዴት ትነዳታለህ በሉኛ! በሰሜን በኩል ወደ ጊዳ አያናና ኪራሙ የሚወስደው መንገድ፣ ካለፉት ዓመታት ግጭት ወዲህ ለሽርሽር የሚታሰብ አይደለም። የቀረኝ ጉቴ ነው። ጉቴ ደግሞ ለቆጫ የመጨረሻውን ማርሽ ሳያስገቡ የሚደረስባት ከተማ ናት። እሄዳለሁ፣ አንድ ሻይ እጠጣለሁ፣ ለአስተናጋጇ «ዝናቡ መጣ» እላታለሁ፣ «መጣ» ትለኛለች፣ ተመልሼ እመጣለሁ። አንዳንድ ቀን ከሰው ጋር ያወራሁት ይኸው ብቻ ይሆናል። በጎኔ ባለው ወንበር ላይ ጃኬቴን አስቀምጣለሁ፤ ባዶውን ሳየው ደስ አይለኝም።

ጫልቱ ከሞተች በኋላ አንድ ነገር ገባኝ። ለካ ቤታችን የሚመጣው እንግዳ ሁሉ የሷ ነበር። እኔ ቤቴ ሰው የማይጠፋበት፣ ተወዳጅ ሰው የሆንሁ ይመስለኝ ነበር! የመዘምራን ጓደኞቿ፣ ዘመዶቿ፣ የዕቁብ ሴቶች፣ ባሎቻቸው ሳይቀሩ የሚመጡት እሷን ብለው ነው። እኔ በዚያ መሐል «ተጫወቱ፣ ተጫወቱ» የሚል ጌጥ ነበርሁ። ሐዘኑ ሲያበቃ ሁሉም ተሰናብቶኝ ሄደ። ክፉ ሆነው አይደለም። ወንድ ወንድን ለመጠየቅ ምክንያት ይፈልጋል፤ ሕመም፣ ሐዘን፣ ሽምግልና፣ ወይ ሠርግ። ዝም ብሎ ናፈቅኸኝ ብሎ የሰው በር የሚያንኳኳ ጎልማሳ አይታችኋል? እኔም ብሆን የሰው በር ድረስ ሄጄ «ምን ልበል?» ብዬ የተመለስሁበት ቀን አለ።

በዚህ ላይ ክረምት ገባ።

የወለጋን ክረምት የማታውቁ ካላችሁ ምን ብዬ ላስረዳችሁ? ጉሙ ጠዋት ከግቢ በር ወዲህ ገብቶ ያድራል። ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ ቴሌቪዥኑ አይሰማ፣ ስልክ ቢደወል አይሰማ፤ የራሴን ሳል ብቻ ነው የምሰማው። ቆጫም ብርዱን አልቻለችውም። ጠዋት ቁልፍ ሳዞርባት «ኧ... ኧ... ኧ...» ትላለች። እኔ ከአልጋዬ ስነሳ የማሰማው ድምፅ ነው። ብዙ ከተለመነች በኋላ ትነሳለች እንጂ አንድ ቀን ጭራሽ እምቢ እንደምትል ሁለታችንም እናውቀዋለን።

ምክንያቱን ለማወቅ ጊዜ አልፈጀብኝም። አዳማ ሞቃት አገር ናት፤ የቀድሞ ባለቤቷ ለሙቀት የሚሆን ወፍራም ዘይት ሞልቶባት፣ ያም ሳይቀየር አርጅቷል። ያ ዘይት ነቀምቴ ብርድ ላይ ሲያድር እንደ ገንፎ ይረጋል። ዘይት ይቀየርላት። እሺ፤ በየትኛው?

ወደ አዴ ብርቄ ሱቅ ሄድሁ። አዴ ማለት እዚህ እትዬ እንደማለት ነው። አዴ ብርቄ የመኪና መለዋወጫና ዘይት ትሸጣለች፤ ከጫልቱ ጋር መዘምራን ነበሩ። ከመደርደሪያው አንድ ቀጭን አንድ ወፍራም አውርዳ ፊቴ ደረደረችና፣ «ዶክተር፣ የቱን ልስጥህ?» አለች። ጀሪካኖቹ ላይ ሁለት ሁለት ቁጥር አለ። የፊተኛው የብርዱ ነው፣ የኋለኛው የሙቀቱ፤ የፊተኛው ባነሰ ቁጥር ዘይቱ በብርድ ቶሎ ይፈሳል። አምስት-ሠላሳ ቀጭኑ፣ ሃያ-ሃምሳ ወፍራሙ። እኔ ደግሞ ያለ ማዘዣ የማልሠራ ሰው ነኝ፤ ከመኪናዋ ጋር የመጣውን መመሪያ አወጣሁ። ውስጡ የሙቀት መለኪያ ሥዕል ያለበት ሰንጠረዥ አለ። ከጥግ የሚጀምረው ሽንት ሳይወርድ በረዶ ከሚሆንበት ብርድ ነው፤ ይቅርታ አድርጉልኝ። የነቀምቴን ብርድ ፈልጌ ፈልጌ መሐሉ ላይ አገኘሁት። እዚያ ጋ ሁሉም የዘይት ዓይነት ይሆናል ይላል። ሁሉም! ሁለት ሹራብ ደርቤ፣ ጋቢ ለብሼ፣ አፍንጫዬ ቀልቶ የማነበው ሰንጠረዥ ብርድ የለባችሁም አለኝ። ለካ እኛ የምንንቀጠቀጥበት ብርድ በፋብሪካው ዓይን ብርድ አይደለም።

«ማሎ ዶክተር፣ ሰው ቆሟል!» አለች አዴ ብርቄ። ማሎ እባክህ ነው። ከኋላዬ ሰው ተሰልፏል። ነገ እመጣለሁ ብዬ ወጣሁ።

በማግስቱ ቆጫን ከግቢዬ በር ውጭ አቁሜ ኮፈኗን ከፈትሁ። ዘይቱን በመለኪያ ዘንጉ ላየው ብዬ ነው እንጂ ሌላ ሐሳብ አልነበረኝም። እዚህ ላይ ስለ ከተማችን አንድ ነገር ማወቅ አለባችሁ። ኮፈን ከፍቶ የቆመን ሰው አልፎ መሄድ ነውር ነው። የሐዘን ቤት በር ሳይገቡ እንደማለፍ ይቆጠራል። መጀመሪያ «አካም ቡልቴ»፣ እንዴት አደርህ፣ ይባላል፤ አዳሩ፣ ቤተሰቡ፣ ዝናቡ በሙሉ ይጠየቃል። ከዚያ እጅ ወደ ኋላ ታጥፎ፣ አንገት ወደ ሞተሩ ገባ ብሎ፣ ዝም ይባላል። ከዚያ ፍርድ ይሰጣል። ልብ በሉ፣ ፍርድ የሰጠ ሰው ደግሞ ምክሩ መሠራቱን ለማየት መመለስ አለበት። መብቱ ነው።

መጀመሪያ የቆሙት ኦቦ ቶላሳ ናቸው፤ ኦቦ አቶ እንደማለት ነው። ከኔ ቤት በላይ ይኖራሉ፤ የቤተ ክርስቲያናቸው ሽማግሌ፣ በጉልበታቸው ዘመን የተሳቢ ሾፌር የነበሩ፣ ቤታቸው ልጅና የልጅ ልጅ የማይጠፋበት ሰው። ዘንጉን መዝዘው፣ ዘይቱን በሁለት ጣት አሽተው፣ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ላኪ፣ ላኪ! የለም! ይሄ ዘይት አይደለም፣ ሙጫ ነው። ደብረ ብርሃን ያደረ ሾፌር ብርድን ያውቃል፤ ከሞተሩ ሥር እሳት እያነደድን ነበር የምናስነሳው። ቀጭን አድርግላት ዶክተር። አምስት-ሠላሳ።»

አቤት፣ ነገሩ ተፈታ ልል ስል ይመር ደረሰ። ይመር የኪራሙ ሰው ነው፤ አባቱ ከወሎ መጥተው እዚያ የሰፈሩ። የእህል ወፍጮ ነበረው። ያ ክፉ ጊዜ ሲመጣ ቤተሰቡን ወሎ ዘመድ ጋ ልኮ፣ እሱ ወፍጮው ካለበት ብዙም ሳልርቅ ልጠብቅ ብሎ ነቀምቴ አንድ ክፍል ተከራይቶ ይኖራል። ቀን ቀን መጋዘን ይጠብቃል። ሰላምታውን ጨርሶ፣ የኦቦ ቶላሳን ፍርድ ሰማና ሳቀ።

«ወላሂ፣ ቀጭን ዘይት ማለት ውኃ ነው። ኸኔ ወፍጮ ወፍራም ነው የገባባት ሁልጊዜ፤ ብርድ በለው ዝናብ በለው አሳፍራኝ አታውቅም። ብረት ስብ ይወዳል።»

ኦቦ ቶላሳ ቀና አሉ። ይመርም ቀና አለ። የባጃጅ ሾፌሮች ቆሙ። አንድ መምህር ቆመ፤ አንድ ቆርቆሮ የተሸከመ ሰው ከቆርቆሮው ሥር ሆኖ ሐሳብ ሰጠ። ዝናቡ ሲመጣ ሁላችንም ወደኔ በረንዳ ገባን። ሻይ አፈላሁ። ስኒ አነሰኝ። ከመቼ ወዲህ ነው ስኒ የሚያንሰኝ? ጓዳ ገብቼ የጫልቱን ስኒዎች ከካርቶን አወጣሁ። አንድ ባንድ አጥቤ አቀረብኋቸው።

በማግስቱ ሁለቱም መጡ፤ ፍርዳቸው የት እንደደረሰ ለማየት። «የቱን ገዛህ?» «እስቲ እያሰብሁበት ነው» አልሁ። በሦስተኛው ቀንም እያሰብሁበት ነበር። ኦቦ ቶላሳ ከደብረ ብርሃን ተነስተው ጅቡቲ ድረስ እየነዱ ያስረዱኛል፤ ይመር ወፍጮውን በቃሉ ፈታቶ በቃሉ ይገጥማል። አዴ ብርቄ እንኳ ሱቋን ዘግታ የተቀቀለ አንጮቴ ይዛ መጣች፤ የኛ አገር የክረምት ሥር ነው፣ የተሰበረ አጥንት ይጠግናል ይባላል። «ዘይቱን ካልገዛኸኝ ምን ላድርግ፣ ልመግብህ እንጂ» አለችኝ። ያን ቀን በረንዳዬ ላይ የተሳቀው ሳቅ መንገድ ድረስ ተሰምቷል መሰለኝ፣ የማላውቀው ሰው ሳይቀር በበሩ ብቅ ብሎ ፈገግ ብሎ ሄደ።

አሁን እናንተ ነገሩ ገብቷችኋል። እኔም ገብቶኛል። ዘይቱ ከተመረጠ አለቀ። ማንኛውም ይሆናል ብሏል ሰንጠረዡ፤ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አንዱን ገዝቼ ልገላገል እችል ነበር። ግን አንዱን የገዛሁ ዕለት ኦቦ ቶላሳ ቤታቸው ይገባሉ፣ ይመር መጋዘኑ ይሄዳል፣ እኔ ከሳሌ ጋር እቀራለሁ። ስለዚህ «እያሰብሁበት ነው» እያልሁ ክረምቱን ግማሽ አደረስሁት። ሰዉ ዶክተር ጠንቃቃ ነው፣ ሳያረጋግጥ አይወስንም ይል ነበር። ብቸኛ ነው የሚል አልነበረም፤ ደግነቱ።

ሁሉም ነገር በዚሁ ቢቀጥል እኔ እስከ መስከረም አስብበት ነበር። ክርክሩ ግን ከረረ። አንድ ከሰዓት በኋላ ይመር የወፍጮውን ነገር ለስንተኛ ጊዜ ሲያነሳ፣ ኦቦ ቶላሳ ትዕግሥታቸው አለቀ።

«መኪና ወፍጮ አይደለም፣ ይመር! ደግሞስ ያንተ ወፍጮ አሁን የት አለ?»

ከአፋቸው ከወጣ በኋላ ነው ያወቁት። ፊታቸው ሲለወጥ አየሁ። ይመር ስኒውን ቀስ አድርጎ አስቀመጠ፣ ኮፍያውን አደረገ፣ ዝናቡ ሳያባራ ወጣ። ኦቦ ቶላሳም ትንሽ ቆይተው፣ ሻያቸውን ሳይጨርሱ ተነሱ።

በማግስቱ ማንም አልመጣም። በሦስተኛውም ቀን። ኮፈኑን ከፍቼ ቆምሁ፤ የባጃጅ ሾፌሮች ቆሙ፣ ዋናዎቹ ግን የሉም። ይመር መንገዱን ለውጦ በታችኛው ሰፈር እንደሚሄድ ሰማሁ። ኦቦ ቶላሳ አፍረው ቤታቸው ተቀምጠዋል አሉ። እዩልኝ እንግዲህ፤ እኔ እንዳይበተኑብኝ ዘይት አልመርጥም ብዬ፣ ዘይት ባለመምረጤ ተበተኑብኝ። ተኛሁ፤ እንቅልፍ የለም። የተናደድሁት በነሱ አልነበረም፤ በራሴ ነው። ያን የተሰበረ ሰው፣ ቁስሉ እስኪነካ ድረስ በረንዳዬ ላይ ያስቀመጥሁት ለጨዋታ ብዬ ነው።

አዴ ብርቄ ጋ ሄጄ ነገርኋት። ሁሉንም መሰላችሁ? ሁሉንም አልነገርኋትም፤ ተጣሉ አልኋት። «ጃርሱማ ነዋ!» አለች ወዲያው። ጃርሱማ የአገሩ ሽምግልና ነው፤ ሰው ሲጣላ አዛውንቶች ተቀምጠው ያስታርቃሉ። ለሞተር ዘይት ተደርጎ ያውቅ እንደሆነ አልጠየቅሁም። በሳምንቱ ቅዳሜ ሳሎኔ ሦስት አዛውንቶች ተቀመጡ፤ አንዳቸውም መኪና ነድተው አያውቁም። ኦቦ ቶላሳ ባንድ ወገን፣ ይመር በሌላው። እኔ መሐል ላይ እንደ ከሳሽም፣ እንደ ምስክርም፣ እንደ ባለቤትም ሆኜ ቆምሁ።

ኦቦ ቶላሳ ተነሱ። «ኦቦሌሳ ኮ» አሉት፤ ወንድሜ ማለታቸው ነው። «አፌ በደለህ። ወፍጮህን እግዜር ይጠብቅልህ። እኔም እንዳንተ ብሆን እዚያው አጠገቡ ነበር የምቀመጠው።» ሁለት እጃቸውን ዘረጉለት። ይመር ተነስቶ ትከሻቸውን ሳመ። «ትቸዋለሁ አባቴ። ያኔውኑ ነው የተውሁት፤ እግሬ ነው እምቢ ያለኝ» አለ።

እዚህ ላይ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። ግን ሽማግሌ የተጠራበትን ጉዳይ ሳይፈርድ አይነሳም፤ ጉዳዩ ደግሞ ዘይት ነው። የጃርሱማ ደንብ ደግሞ ይታወቃል፤ ማንም ተሸንፎ ወደ ቤቱ አይገባም። ትልቁ ሽማግሌ ጉሮሯቸውን ጠራርገው፣ ቀጭኑም የወንድማችን ነው፣ ወፍራሙም የወንድማችን ነው፣ እኩል እኩል ይደረግ ብለው ፈረዱ። እንዴ! ዕድሜዬን ሙሉ «ሁለት መድኃኒት አትደባልቁ» እያልሁ ሰው ስቆጣ የኖርሁ ሰው ነኝ እኮ። አፌን ከፈትሁ። የሁለቱን ፊት አየሁና መልሼ ዘጋሁት። አዴ ብርቄ ብቻ ደስታዋ ልዩ ነበር፤ ከሁለቱም ዓይነት ነው የሸጠችው።

አሮጌው ዘይት ተንቆረቆረ። ኦቦ ቶላሳ ቀጭኑን አፈሰሱ፣ ይመር ወፍራሙን አፈሰሰ፤ አንዱ ሲያፈስ አንዱ ማፍሰሻውን ይይዝለታል። ትልቁ ሽማግሌ እጃቸውን ኮፈኑ ላይ ጭነው በኦሮምኛ ጸለዩ። ብርዱን አንሳልን፣ ብቻዋን አታስቀራት አሉ። ለመኪናዋ መሆኑን አውቃለሁ፤ ቢሆንም አሜን ስል ጮክ ብዬ ነው ያልሁት። ከዚያ ቁልፉን አዞርሁ።

እናንተዬ፣ አንዴ ነው! አላቃሰተች፣ አልተንተባተበች። ብድግ አለች። ሰዉ አጨበጨበ፣ ኦቦ ቶላሳና ይመር ተቃቀፉ፣ «ገለቶማ፣ ገለቶማ» ተባለ፣ ተመሰጋገንን። ከዚያ ሁሉም እጄን ጨብጦ ወደ ቤቱ ሄደ። የጠጡበትን ስኒ አጠብሁ።

ከዚያ ወዲያ ያለውን ምን እነግራችኋለሁ? ቆጫ ጠዋት ጠዋት እንደ ወታደር ትነሳለች። ነቀምቴ ውስጥ መኪናው በመነሳቱ የሚያዝን ሰው ቢፈለግ እኔ ብቻ ነኝ። ሰፈር ውስጥ ኦቦ ቶላሳን ሳገኛቸው «ቆጫ እንዴት ናት?» ይሉኛል። «ደህና ናት።» «እግዜር ይመስገን» ብለው ያልፋሉ። ይመርም እንዲሁ፤ «አሏህ ይመስገን» ይልና መጋዘኑን ሊጠብቅ ይሄዳል። ደህና አይደለችም ብል ውሸት ነው፤ ደህና አይደለሁም ብል ደግሞ ማን ጠየቀህ ነው። እሁድ ሲፈን ስትደውል «አባዬ፣ ድምፅህ ምን ሆኗል?» አለችኝ። ጉንፋን ነው አልኋት። ጉቴ ሄጄ ሻይ ጠጥቼ ተመለስሁ። ዝናቡ መጣ አልኋት አስተናጋጇን። መጣ አለችኝ።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ ጉሙ ሳሳ ያለ አንድ ጠዋት፣ ቁርሴን ሳልበላ ወጥቼ ቆጫን ከበሩ ውጭ አቆምኋት። ኮፈኗን ከፈትሁ። ምንም አልሆነችም። ምንም እንዳልሆነች አውቃለሁ። ግንባሬን ቋጥሬ ሞተሩን አየዋለሁ። አንድ ባጃጅ ፍጥነቱን ቀነሰ፣ ተሳፋሪ ስለነበረው ሄደ። ልብሴ በካፊያው መርጠብ ጀመረ። ይኼ ስልሳን ላለፈ ሰው ያሳፍራል ብዬ ልዘጋው እጄን ሳነሳ፣ ኦቦ ቶላሳ ጃንጥላ ዘርግተው፣ መጽሐፍ ቅዱሳቸውን በብብታቸው ይዘው ብቅ አሉ። ለስብሰባ ወደ ቤተ ክርስቲያን እየሄዱ ነው።

«ማል ታኤ ዶክተር? ምን ሆነች?»

«እንጃ» አልሁ። «የሆነ ነገር... አላማረችኝም።»

«አስነሳት።»

አስነሳኋት። ያቺ ከሐዲ ባንድ ጊዜ ተነሳች። ኦቦ ቶላሳ ጆሯቸውን ዘንበል አድርገው ብዙ አዳመጡ። «አጥፋት» አሉኝ። ዘንጉን መዝዘው ዘይቱን አዩ፤ ልኩ ላይ ነው፣ ንጹሕ ነው። የራዲያተሩን ክዳን ከፍተው ጣታቸውን ከተቱ። ውኃው ሞልቶ በጣታቸው ዙሪያ ፈሰሰ። ጣታቸውን በመሐረባቸው ጠረጉ። ከዚያ ሞተሩን ትተው እኔን አዩኝ፤ ረጅም አተያይ ነበር። ዓይኔን ወደ መንገዱ መለስሁ። ቤተ ክርስቲያኑ ደወሉን አሰማ፤ ስብሰባው ሊጀመር ነው።

ኦቦ ቶላሳ ጃንጥላቸውን አጠፉና አጥሬ ላይ አስደገፉት። መጽሐፋቸውን ዝናብ እንዳይነካው በረንዳዬ ላይ አኖሩት።

«ውኃዋ ጎደል ያለ ይመስለኛል» አሉ። «ምን ዓይነት ውኃ እንደሚጨመርባት ግን እንዲህ ባንድ ሰው አይወሰንም። ይመር መኖር አለበት። በል ደውልለት፤ እኔ ሻይ እጥዳለሁ።»

ራዲያተሩ እስከ አፉ ሞልቶ ነበር። ስልኬን አውጥቼ ለይመር ደወልሁ።